የታብሌት መሰኪያ፦ ቀዳዳው አንድ፣ ሥራው ልዩ ልዩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በታብሌት ቻርጀርና ኬብል መሰኪያ ላይ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ታብሌት ልገዛ ስል ሁለት ቀረቡልኝ። አንደኛው የአምራቹ ብቻ የሆነ ሰፋ ያለ መሰኪያ አለው፤ ሁለተኛው ዩኤስቢ ሲ ነው። የመጀመሪያው ስክሪኑ ይበልጣል። መሰኪያው ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ እንዲያውም ከስክሪኑ የበለጠ ሊመዝን ይገባል። ኬብል ከታብሌት ቀድሞ ያልቃል። አንገቱ ላይ ይበጠሳል፣ ይጠፋል፣ የሆነ ቦታ ይረሳል። ዩኤስቢ ሲ ያለው ሰው በዚያን ቀን አጠገቡ ካለ ስልክ ኬብል ተውሶ ሥራውን ይቀጥላል። የአምራቹን መሰኪያ የያዘው ግን ያንኑ አንድ ዓይነት ኬብል ፍለጋ ይወጣል። አምራቹ መሰኪያውን ከተወው ደግሞ ገበያ ላይ የሚቀሩት በአብዛኛው አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ባትሪውም ስክሪኑም ደህና ሆኖ ሳለ በኬብል ምክንያት ብቻ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ታብሌት ብዙ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝናል።

አምራቾች የራሳቸውን መሰኪያ የሠሩት ደንበኛ ለማሰር ብቻ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ታብሌት መስፋፋት በጀመረበት በ2010 የነበረው መደበኛ መሰኪያ ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። አምስት ፒን፣ ማለትም አምስት የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ፣ ብቻ አለው፦ አንድ የኃይል፣ አንድ የመሬት (የኃይሉ መመለሻ)፣ ሁለት የዳታ፣ አንድ የመለያ። የአፕል ባለ 30 ፒን መሰኪያ፣ በ2003 በአይፖድ የተጀመረውና ወደ መጀመሪያው አይፓድ የተሻገረው፣ ከዩኤስቢው ጎን ለጎን ድምፅና ቪዲዮ ያወጣ ነበር። ሳምሰንግም በ2010 በመጀመሪያው ጋላክሲ ታብ ላይ የራሱን ባለ 30 ፒን አደረገ። አሱስ በ2011 ትራንስፎርመር በተባለው ታብሌቱ ላይ ባለ 40 ፒን መሰኪያ የተጠቀመው ባትሪ ያለውን ኪቦርድ ለማገናኘትና ታብሌቱን በ15 ቮልት ቻርጅ ለማድረግ ነው፤ ተራው ዩኤስቢ ያኔ ከ5 ቮልት አያልፍም ነበር። ምክንያታቸው የእውነት ነበር፤ ዕዳው ግን በተጠቃሚው ላይ ወደቀ። አፕል በ2012 ላይትኒንግ ወደተባለው አዲስ መሰኪያው ሲዞር፣ ለባለ 30 ፒኑ የተገዛው ድምፅ ማጉያና ማቆሚያ ሁሉ አዳፕተር ፈላጊ ሆነ፤ አዳፕተሩም ቪዲዮ አያሳልፍም ነበር።

ዛሬ ያ ምክንያት ቀርቷል። ደንቡ በ2014 የወጣው ዩኤስቢ ሲ 24 ፒን ስላለው ኃይል፣ ዳታ፣ ቪዲዮና ድምፅ ሁሉንም መሸከም ይችላል። አፕልም ራሱ አይፓድ ፕሮን በ2018፣ አይፓድ ኤርን በ2020፣ ሚኒን በ2021፣ መደበኛውን አይፓድ በ2022 ወደ ዩኤስቢ ሲ አዛወረ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በገበያው ላይ የሚቀርብ አዲስ ታብሌት ሁሉ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ እንዲሆን በሕግ ደንግጓል። የአሮጌዎቹ መሰኪያዎች ኬብል ከዚህ በኋላ እየሳሳ እንጂ እየበዛ አይሄድም።

ስለዚህ ምክራችን ሁለተኛውን ይግዙ ነው። ስክሪኑ አሸንፎዎት የመጀመሪያውን ከወሰዱ ግን ከነቻርጀሩና ከነኬብሉ ይረከቡ፤ እዚያው እያሉ ቻርጅ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ከኮምፒውተር ጋር ፋይል መላላኩንም ይፈትሹ፤ መጠባበቂያ ኬብል ደግሞ ዛሬውኑ ሁለት ያስቀምጡ።

በዩኤስቢ ሲውም በኩል አንድ ነገር ይጣራ። ቀዳዳው ስለ ፍጥነቱ ምንም አይነግርዎትም። የ2022ቱ መደበኛ አይፓድና የ2021ዱ አይፓድ ፕሮ መሰኪያቸው በዓይን አይለይም፤ የመጀመሪያው ግን ዳታ የሚያስተላልፈው በሰከንድ 480 ሜጋቢት ሲሆን ሁለተኛው 40 ጊጋቢት ይደርሳል። በአንድሮይድ ታብሌቶችም ርካሾቹ በአብዛኛው 480 ላይ የቆሙ ናቸው። ፊልም ለማየትና ለማንበብ ከሆነ አይጎዳዎትም። ትላልቅ የቪዲዮ ፋይሎች የሚያመላልሱ ከሆነ ግን ከመግዛትዎ በፊት በመግለጫው ላይ «ዩኤስቢ 2.0» (480 ሜጋቢቱ) ነው ወይስ «3» (ፈጣኑ) የሚለውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ታብሌቴ ዩኤስቢ ሲ ነው። አብሮት በመጣው፣ አንዱ ጫፉ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ በሆነው ኬብል ቻርጅ ይሆናል። አዲስ ኃይለኛ ቻርጀር ሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ ከሆነ ኬብል ጋር ገዛሁ፤ ስሰካው ግን ምንም የለም። በስልኬ ላይ ያው ቻርጀር ይሠራል። ታብሌቱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሲሠራ የጎደለው ነገር አለ። ይህ ጥያቄ ከብዙ አንባቢዎች ስለመጣ ዘርዘር እናድርገው።

የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ቻርጀር ኬብል ተሰካም አልተሰካም 5 ቮልቱን ፒኑ ላይ ያወጣል። የዩኤስቢ ሲ ቻርጀር እንደዚያ አያደርግም። ማዶ ኃይል የሚቀበል ዕቃ መኖሩን እስኪያረጋግጥ ፒኑ ባዶ ነው። የሚያረጋግጠውም ሲሲ በሚባሉት ሁለት ፒኖች፣ ኤ5 እና ቢ5 በሚል ቁጥር በሚታወቁት፣ በኩል ነው። ታብሌቱ ከእያንዳንዳቸው ወደ መሬት 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ማገናኘት አለበት። ቻርጀሩ ያንን ሲያገኝ 5 ቮልቱን ይለቃል፤ ከፍ ያለ ቮልት የሚደራደሩትም ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ርካሽ ታብሌት አምራቾች የድሮውን የማይክሮ ዩኤስቢ ቦርድ ይዘው ቀዳዳውን ብቻ ቀየሩትና ሁለቱን ሬዚስተሮች ተዉአቸው። ስለዚህ ቻርጀርዎ ማዶ ማንም እንደሌለ ቆጥሮ ዝም ይላል። በጣም ትንሽ ዋጋ ያላቸውን ሁለት ዕቃዎች ቆጥቦ ደንበኛን ግራ ማጋባት ይቅር የማይባል ሥራ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ። አዲሱን ቻርጀርና ኬብል በሌላ የዩኤስቢ ሲ ዕቃ ላይ ይፈትሹ፤ ይህን አድርገዋል። ቀጥሎ ታብሌቱ ላይ የሚገባውን ጫፍ ገልብጠው ይሰኩ። በአንድ በኩል ብቻ ከሠራ ችግሩ ቆሻሻ ወይም የአንዱ ፒን መጎዳት ስለሆነ ከዚህ በታች ስለ ጽዳት የጻፍነውን ይመልከቱ። በሁለቱም በኩል ዝም ካለና በድሮው ኬብል ግን ከሠራ፣ ሬዚስተሮቹ የሉም ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፍላሽ ዲስክ ለመሰካት የሚሸጠውን ትንሽ አዳፕተር፣ በአንድ ወገኑ የዩኤስቢ ሲ ወንድ በሌላው የሰፊው ዩኤስቢ ሴት የሆነውን፣ አዲሱ ቻርጀር ላይ ይሰኩ። ከእሱ ወደ ታብሌቱ በድሮው ኬብል ያገናኙ። 5.1 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር አዳፕተሩ ውስጥ ስላለ ቻርጀሩ 5 ቮልት ይለቃል። የተገላቢጦሹን አዳፕተር፣ ወንዱ ሰፊ ዩኤስቢ ሴቱ ዩኤስቢ ሲ የሆነውን፣ ግን አይግዙ፤ ኃይል ሰጪና ኃይል ሰጪ እርስ በርስ እንዲገናኙ መንገድ ስለሚከፍት በደንቡ የተከለከለ ነው። ጎበዝ ቴክኒሻን ካለ ሁለቱን ሬዚስተሮች መሰኪያው ሥር መበየድ ይችላል፤ ሥራው በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ስለሆነ ለርካሽ ታብሌት ድካሙን የሚያክል ጥቅም የለውም።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ስሕተትም አለ። አንዳንዱ ዕቃ ሁለቱን ሲሲ ፒኖች አንድ ላይ አያይዞ በአንድ ሬዚስተር ብቻ ያልፋል። በ2019 የወጣችው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር የመጀመሪያ ምርቷ ይህ ጉድለት ነበረባት። እንዲህ ያለው ዕቃ በቀላል ኬብል ቻርጅ ይሆንና ለላፕቶፕ በተሠራው፣ ውስጡ መለያ ቺፕ ባለው ባለ 5 አምፔር ኬብል እምቢ ይላል። ያኔ ተራውን ባለ 3 አምፔር ኬብል መጠቀም ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ አይፓዴን ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ቻርጅ እየሆነ እንዳልሆነ ይጽፋል። በስልክ ቻርጀር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አድሮም አይሞላም። መሰኪያው ነው ባትሪው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አይደሉም። ሒሳቡን እናስላ። የድሮው የኮምፒውተር ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 5 ቮልት በ0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። የመጀመሪያው አይፓድ ባትሪ 25 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ምንም ባይባክን እንኳ አሥር ሰዓት ይፈጃል፤ ስክሪኑ በርቶ ከሆነ የሚገባው ሁሉ እዚያው ያልቃል። የሦስተኛው አይፓድ ባትሪ ደግሞ 42.5 ዋት ሰዓት ስለሆነ በ5 ዋት የስልክ ቻርጀር ከስምንት ሰዓት በላይ የሚወስድ ነው፤ ብክነቱ ሲጨመር ከአሥር ሰዓት አያንስም። ስክሪኑን አጥፍተው ቢሰኩት ኮምፒውተሩም ላይ ቀስ እያለ ይሞላል።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ዋት በቂ ሆኖ ሳለ ሲዘገይ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው ምልክት ነው። ከዩኤስቢ ሲ በፊት የነበሩ ታብሌቶች ቻርጀሩ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል የሚያውቁት በሁለቱ የዳታ ፒኖች ላይ በሚያገኙት ቮልት ነው። የአፕሉ ቻርጀር 2 ቮልትና 2.7 ቮልት አካባቢ ያስቀምጣል፤ የድሮው የሳምሰንግ ታብሌት ደግሞ በሁለቱም ላይ 1.2 ቮልት ያህል ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ፒኖች ተገናኝተው ማግኘት ይፈልጋሉ። የራሱን ምልክት ያላገኘ ታብሌት ለጥንቃቄ ሲል ወደ ግማሽ አምፔር ይወርዳል። ለዚህ ነው የአንዱ አምራች ባለ 2 አምፔር ቻርጀር በሌላው ታብሌት ላይ የሚያዘግመው። የዕቃውን ዓይነት በራሱ የሚለይ ባለ ብዙ ቀዳዳ ቻርጀር ይህን ይፈታል።

ሁለተኛው የኬብሉ ሽቦ ውፍረት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። በአንድ ሜትር ኬብል ውስጥ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይመለሳል፣ ሁለት ሜትር ሽቦ ማለት ነው። የኃይል ሽቦው ቁጥር 28 ከሆነ በ2 አምፔር ላይ 0.85 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ታብሌቱ የሚደርሰው 4.15 ቮልት ብቻ ይሆንና መሳቡን ይቀንሳል። ቁጥር 24 ሽቦ ከሆነ የሚጠፋው 0.35 ቮልት ገደማ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል፤ ብዙ ጊዜ ኬብሉ ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ታትሞ ያገኙታል። ሦስት ሜትር ቀጭን ኬብል ለታብሌት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኬብሉ በአንድ በኩል ሲሰካ ይሠራል፣ ሲገለበጥ ግን አይሠራም።

መልስ፦ መልሱ እንደ መሰኪያው ዓይነት ይለያያል።

በዩኤስቢ ሲ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የታብሌቱ ቀዳዳ ነው። የኃይልና የመሬት ፒኖች አራት አራት ስለሆኑ አንዱ ቢጠፋ አይታወቅም። ሲሲ ፒን ግን በየወገኑ አንድ ብቻ ናት፤ እሷ ላይ ጭረት ወይም ቆሻሻ ካለ በዚያ ወገን ቻርጀሩ ታብሌቱን አያይም። በላይትኒንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። የቀዳዳው ስምንት ፒኖች በአንድ ወገን ብቻ የተደረደሩ ስለሆኑ፣ በሁለቱም አገባብ የሚነኩት እነዚያው ናቸው። የሚለዋወጠው የኬብሉ ገጽ ነው። ጫፉን ብርሃን ላይ ይዩት፤ ከወርቃማዎቹ ንክኪዎች አንዱ ከጠቆረ የኃይሉ ንክኪ ተቃጥሏል። መፋቅ ለጥቂት ቀን ያሠራው ይሆናል፤ ወርቅ ቅቡ ስለሄደ ግን ተመልሶ ይጠቁራል። ኬብሉን ይጣሉት፤ ቀዳዳውንም ያበላሻልና።

ጽዳቱን በተመለከተ፦ ጫፉ እስከ ውስጥ ገብቶ «ጠቅ» ካላለ፣ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውጭ ከቀረ፣ ከኋላ የተጠቀጠቀ የጨርቅ ብናኝ አለ ማለት ነው። ታብሌቱን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። የእንጨት ስቴኪኒ ጫፉን በምላጭ ያሳሱና የቀዳዳውን የኋላ ግድግዳ ከጎን ወደ ጎን በቀስታ ይፋቁ። በዩኤስቢ ሲ ውስጥ መሐል ላይ የቆመች ቀጭን ምላስ አለች፤ እሷን አይግፏት፣ ከተሰበረች መሰኪያው ራሱ ይቀየራል። መርፌና የወረቀት ሽቦ ፈጽሞ አይግቡ፤ ወርቅ ቅቡን ይፍቃሉ፣ ፒኖችን ያገናኛሉ። ብናኙ ከወጣ በኋላ አረንጓዴ ዝገት የሚታይ ከሆነ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ይቀቡ፤ ሳይሰኩ ግማሽ ሰዓት ያድርቁት።

ይህ ሁሉ ሆኖ መሰኪያው የሚወዛወዝ ከሆነ መቀየር አለበት። በብዙ የአንድሮይድ ታብሌቶች መሰኪያው በትንሽ የተለየች ቦርድ ላይ ስላለ ቦርዷን ነቅሎ መተካት ይቻላል። በብዙ ላይትኒንግ አይፓዶች ግን ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ ነው፤ የተጣበቀውን ስክሪን በሙቀት ማንሳትም ስላለበት ከስክሪን መሰንጠቅ አደጋ ጋር ይመጣል። ቴክኒሻኑ ይህን ሠርቶ እንደሚያውቅ ሳይጠይቁ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚያወጣ አዳፕተር ገዛሁ። ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» ይላል።

መልስ፦ አዳፕተሩ ታብሌቱ ውስጥ የሌለውን ሊፈጥር አይችልም። ይህ ዓይነቱ አዳፕተር የሚሠራው ታብሌቱ በመሰኪያው በኩል ዲስፕሌይፖርት የተባለውን የቪዲዮ ሲግናል የሚያወጣ ከሆነ ብቻ ነው። ከሳምሰንግ ታብ ኤስ4 ጀምሮ ያሉት ዋናዎቹ የኤስ ታብሌቶች ያወጣሉ፤ ታብ ኤስ6 ላይትና የታብ ኤ ቤተሰብ አያወጡም። የዳታ ፍጥነትን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል፦ የ2022ቱ መደበኛ አይፓድ ዳታው 480 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ ባለ 4ኬ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ያወጣል፤ ቪዲዮው በሌሎች ፒኖች ስለሚሄድ ነው።

ታብሌትዎ የሚያወጣ ሆኖ ካልሠራ ጫፉን ገልብጠው ይሰኩ፤ አዳፕተሩ የኃይል ማስገቢያ ካለው ቻርጀር ይስጡት። የማያወጣ ከሆነ የሚቀረው ገመድ አልባ ማሳያ ወይም የራሱ ቺፕ ያለው ዲስፕሌይሊንክ የተባለው አዳፕተር ነው፤ ይህኛው መተግበሪያ መጫን ይጠይቃል፣ ለፈጣን ቪዲዮም አይመችም። የላይትኒንግ አይፓድ ቪዲዮ አዳፕተርም በተመሳሳይ መንገድ የተጨመቀ ምስል ተቀብሎ ራሱ ስለሚፈታ፣ ምስሉ ከስክሪኑ ትንሽ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ የድሮ ሳምሰንግ ታብሌቴ ኬብል ጠፋ። የአፕሉ ባለ 30 ፒን ቁርጥ እሱን ይመስላል፤ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም። መልኩ ቢቀራረብም ልኩም የፒኖቹ ሥራም ሌላ ነው። በኃይል ከገፉት ፒን ይታጠፋል።

ጥያቄ፦ ቻርጅ ማድረጊያው ቀጭን ክብ ቀዳዳ ነው።

መልስ፦ በርካሾቹ የድሮ ታብሌቶች ላይ ይህ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ስፋቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ የመሐል ፒኑ 0.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚፈልገው 5 ቮልት በ2 አምፔር ነው። አደጋው ይህ ክብ ጫፍ ምንም መለያ የሌለው መሆኑ ነው፤ 9 ወይም 12 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተርም ልክ ይገባል፣ ታብሌቱንም ያቃጥላል። ስለዚህ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልትና የመሐል ፒኑ ፖዘቲቭ መሆኑን የሚያሳየውን ሥዕል ሳያነብቡ ምንም አይሰኩ። ከሰፊው ዩኤስቢ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ክብ የሚሄድ ኬብል ካገኙ ቮልቱ ከ5 ስለማያልፍ እሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ታብሌቴን በዩኤስቢ ሲ ቻርጀር መሙላት እችላለሁ?

መልስ፦ ሰርፌስ ጎ ወይም ሰርፌስ ፕሮ 7ና ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ በቀጥታ ይችላሉ፤ የሰርፌስ የራሱ ማግኔታማ መሰኪያም በአብዛኞቹ ላይ እንዳለ አለ። ከፕሮ 3 እስከ ፕሮ 6 ያሉት ዩኤስቢ ሲ ስለሌላቸው በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ ሲ፣ በሌላው የሰርፌስ ማግኔት ያለው ኬብል ያስፈልጋል። ቻርጀሩ ላይ «15 ቮልት፣ 3 አምፔር» የሚል መስመር ይፈልጉ። 5 እና 9 ቮልት ብቻ የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ከዚህ ኬብል ጋር አይሠራም።

ጥያቄ፦ ማይክሮ ዩኤስቢ ያለው ታብሌቴ ፍላሽ ያነባል፤ እያነበበ ግን ቻርጅ አይሆንም። አዲስ ስገዛ ይህ ይቀራል?

መልስ፦ በማይክሮ ዩኤስቢ የፍላሽ ኬብሉ የመለያ ፒኑን ከመሬት ያገናኛል፤ ታብሌቱም ያንን ሲያይ ኃይል ተቀባይነቱን ትቶ ኃይል ሰጪ ይሆናል። በአንድ የኃይል ፒን መስጠትም መቀበልም አይቻልም። በመለያ ፒኑ ላይ 124 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያለው ልዩ ኬብል ለዚሁ ተብሎ በደንቡ ተቀምጧል፤ የሚቀበሉት ታብሌቶች ግን ጥቂት ናቸው።

በዩኤስቢ ሲ የኃይል ማስገቢያ ያለው ሀብ፣ ማለትም አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚከፍል ዕቃ፣ ይገዛሉ፤ ታብሌቱ ፍላሹን እያዘዘ ኃይል ይቀበላል። ሀቡ ለራሱ ጥቂት ዋት ስለሚያስቀር ታብሌቱ ከሚፈልገው ከፍ ያለ ቻርጀር ይስጡት። በላይትኒንግ አይፓድም የኃይል ማስገቢያ ያለው የካሜራ አዳፕተር አለ፤ ያ ከሌለ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ዕቃው ብዙ ኃይል ይፈልጋል ብሎ ይዘጋል። በሀብ ላይ ፋይል እየገለበጡ ሳለ ግን ቻርጀሩን አይንቀሉ። ሀቡ ኃይል የሚያገኝበትን ወገን ሲቀያይር ዲስኩ ለአፍታ ሊቋረጥና ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ መጀመሪያ ዲስኩን ታብሌቱ ላይ ባለው «አውጣ» በሚለው ትእዛዝ ያሰናብቱት።